ቤቱ 30 ቀን አይጠብቅም፦ የክሬዲት ሪፖርት፣ የተከራይ ማጣሪያና ዘግይቶ የሚደርስ መብት

አሜሪካ ውስጥ አፓርታማ ለመከራየት የሚያመለክት ሰው ገቢውን የሚያሳይ ወረቀት፣ መታወቂያውንና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን ያስገባል፤ የማመልከቻ ክፍያውን ይከፍልና መልስ ይጠብቃል። መልሱ ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይመጣል፤ በደቂቃዎች ውስጥ የሚመጣበትም ጊዜ አለ። «አልተቀበልንም» የሚል ከሆነ ግን በመካከሉ ምን እንደተደረገ አመልካቹ አያውቅም፤ የሕንጻው አስተዳዳሪም ላያውቅ ይችላል። ተከራዩ ስሙን ሰምቶት የማያውቅ አንድ ድርጅት የክሬዲት ታሪኩን፣ የፍርድ ቤትና የወንጀል መዝገቦችን በኮምፒውተር አገላብጦ አንድ ነጥብ ወይም «አይቀበሉት» የሚል ምክር ልኳል። ያ መረጃ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ጊዜው ያለፈበት ወይም ፍርድ ቤት ዘግቶ የጨረሰው ጉዳይም ሊሆን ይችላል። ሕጉ ስህተቱን የማሳረም መብት ለተከራዩ ሰጥቶታል። መብቱ በተግባር የሚነቃው ግን ሰውየው ከተከለከለ በኋላ ነው፤ ስህተቱን ለማጣራት ለድርጅቱ የተፈቀደው ጊዜ 30 ቀን ነው፤ ቤቱ ደግሞ በዚያው ሳምንት ለሌላ ሰው ይከራያል። የአሜሪካ ሕግ በዚህ ጉዳይ የሰጠው መብት ብዙ ነው፤ ችግሩ የሚደርስበት ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን ማስተካከል እንደሚቻል የሚያሳየው ማስረጃም እዚያው ሕግ ውስጥ አለ።

ሕጉ ለምን እንዲህ እንደተቀረጸ ለመረዳት ወደ ወጣበት ዘመን መመለስ ይጠቅማል። ፌር ክሬዲት ሪፖርቲንግ አክት የሚባለው የፌዴራል ሕግ በፕሬዚዳንት ኒክሰን የተፈረመው በ1970 ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በምክር ቤት ብዙ የደከመበት የዊስኮንሲኑ ሴናተር ዊልያም ፕሮክስማየር ነበር። በጊዜው ያሳስብ የነበረው እንደ አትላንታው ሪቴይል ክሬዲት ካምፓኒ ያሉ ድርጅቶች አሠራር ነው። ወኪሎቻቸው ጎረቤት እየጠየቁ ስለ ሰው የመጠጥ ልማድ፣ ስለ ትዳሩና ስለ ጠባዩ ፋይል ያጠናቅሩና ለኢንሹራንስ፣ ለአሠሪና ለአበዳሪ ይሸጡ ነበር። የተጻፈበት ሰው ፋይሉ መኖሩን እንኳ አያውቅም። ያ ድርጅት በኋላ ስሙን ለውጦ ዛሬ ኢኩዊፋክስ ተብሎ ይታወቃል። ሕጉ ሦስት ነገሮችን ደነገገ፦ ሪፖርቱ ሕጋዊ ምክንያት ለሌለው ሰው አይሰጥ፤ ድርጅቱ በተቻለ መጠን ከፍተኛውን ትክክለኛነት የሚያረጋግጥ ምክንያታዊ አሠራር ይከተል፤ የተጻፈበት ሰው ፋይሉን አይቶ ስህተቱን ይቃወም። ይህ ሁሉ ሲታሰብ በሕግ አውጪዎቹ ፊት የነበረው ሰው በአብዛኛው ተበዳሪው ነው። ብድር የተከለከለ ሰው ስህተቱን አሳርሞ በሚቀጥለው ወር ያንኑ ብድር፣ ከዚያው ባንክ፣ መጠየቅ ይችላል። ቤት የተከለከለ ሰው ግን ያንኑ ቤት ዳግመኛ አያገኘውም። ለብድር የተሰፋው ልብስ ለቤት ሲለበስ እዚህ ላይ ይጠብበዋል።

ብዙ ሰው የማይለየው አንድ ነገር አለ፤ ካልተለየ ደግሞ የቀረው አይገባም። ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን የሚያወጡት የክሬዲት ሪፖርትና አከራዩ የሚያዝዘው የተከራይ ማጣሪያ ሪፖርት አንድ አይደሉም። ሦስቱ ትልልቅ ድርጅቶች ከግዛት ዐቃቤ ሕጎች ጋር ካደረጉት ስምምነት በኋላ ከ2017 ጀምሮ የፍትሐ ብሔር ፍርዶችን ከክሬዲት ሪፖርታቸው አውጥተዋል። ስለዚህ ከቤት የማስለቀቅ ክስ እዚያ ላይ አይታይም፤ የሚታየው ያልተከፈለ ኪራይ ወደ ዕዳ ሰብሳቢ፣ በተለምዶ ኮሌክሽን ወደምንለው፣ የተላለፈ እንደሆነ ነው። ማጣሪያው ድርጅት ግን የፍርድ ቤት መዝገቦችን ራሱ ይሰበስባል ወይም ከሌላ ነጋዴ ይገዛል። የክሬዲት ስኮሩ 750 የሆነ ሰው ቤት ተከልክሎ ግራ የሚጋባው በዚህ ምክንያት ነው፤ ያየው ሪፖርትና አከራዩ ያየው ሪፖርት የተለያዩ ናቸው። ሁለቱም ግን በአንድ ሕግ ሥር ይወድቃሉ። የማጣሪያ ድርጅቱም የሕጉ ግዴታዎች ሁሉ አሉበት፤ አከራዩም የሪፖርት ተጠቃሚ ተብሎ የራሱ ግዴታ አለበት።

አሁን የማስለቀቅ ክስ በሪፖርት ላይ ምን እንደሚመስል ቀረብ ብለን እንየው። አንድ መስመር ነው፦ የፍርድ ቤቱ ስም፣ የመዝገብ ቁጥር፣ የከሳሽና የተከሳሽ ስም፣ ክሱ የተከፈተበት ቀን፣ የተጠየቀው ገንዘብ፣ በመጨረሻ ውሳኔው። የመጨረሻው ሳጥን ባዶ ከሆነ አከራዩ የሚያነበው «ይህ ሰው ተከስሷል» የሚለውን ብቻ ነው። ክሱ ውድቅ ይሁን፣ ተከራዩ ይርታ፣ ኪራዩ በማግሥቱ ተከፍሎ ይዘጋ አይታወቅም። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ኢቪክሽን ላብ ተመራማሪዎች የግዛት ፍርድ ቤቶችን የማስለቀቅ መዝገቦች መርምረው በአማካይ 22 በመቶዎቹ የተከራዩን ታሪክ በተሳሳተ መንገድ የሚያሳዩ ወይም ግልጽ ያልሆኑ ሆነው አግኝተዋቸዋል። ይህ የማጣሪያ ድርጅቱ የራሱን ስህተት ከመጨመሩ በፊት፣ ምንጩ ላይ ያለ ጉድለት ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢዋ የሚኖሩባት ሜሪላንድ ደግሞ ለዚህ የተለየች ምሳሌ ናት። እዚያ ለዓመታት «ኪራይ አልተከፈለኝም» ብሎ ክስ ለመክፈት የሚጠየቀው ክፍያ 15 ዶላር ያህል ነበር። ዋጋው ይህን ያህል ርካሽ ስለነበር ትልልቅ አከራዮች ኪራይ ጥቂት ቀን በዘገየ ቁጥር ክሱን እንደ ማስታወሻ ይልኩት ነበር፤ አንድ ቤተሰብ ቤቱን ሳይለቅ በአንድ ዓመት ደጋግሞ ይከሰስ ነበር። ከኮሮና በፊት በግዛቲቱ በዓመት ከ600 ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ ክሶች ይከፈቱ ነበር። የፌዴራሉ ሕግ ደግሞ አንድ የፍትሐ ብሔር ክስ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ 7 ዓመት በሪፖርት ላይ እንዲቆይ ይፈቅዳል። በአምስት ቀን የዘገየ ኪራይ በአሥር ቀን ተከፍሎ፣ ጥላው 7 ዓመት ይከተላል።

በዚህ ላይ የስም ጉዳይ አለ፤ ይህ እኛን በተለይ ይመለከታል። የማጣሪያ ኮምፒውተር ሰውን ከመዝገብ የሚያገናኘው በስም ሲሆን የፍርድ ቤት የማስለቀቅ መዝገብ ብዙ ጊዜ የትውልድ ቀንም ሆነ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የለውም። የእኛ የመጨረሻ ስም የቤተሰብ ስም ሳይሆን የአባት ስም ነው፤ ዳንኤል ተስፋዬ ወይም ሰላም በቀለ የሚባሉ የማይዛመዱ ሰዎች በዋሽንግተን ዙሪያ ብቻ ስንት እንደሆኑ መገመት ቀላል ነው። ተመሳሳይ ችግር ሙሐመድ አሕመድን የመሰለ ስም ባላቸው ዘንድ የባሰ ነው። አንዱ ሰነድ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም በመጨረሻ ያስቀምጣል። ጸጋዬ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በአንዱ መሥሪያ ቤት በቲ፣ በሌላው በኤስ ይጀምራል። የትውልድ ቀን ይለየናል ቢባል እንኳ፣ በስደተኛነት የገቡ ብዙ ሰዎች የተመዘገቡት ጃንዋሪ 1 ተብለው ነው። ሲኤፍፒቢ ተብሎ የሚጠራው የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ በኅዳር 2021 ባወጣው ማብራሪያ፣ ሰውን ከመዝገብ ጋር በስም ብቻ ማገናኘት ሕጉ የሚጠይቀውን ምክንያታዊ አሠራር አያሟላም ብሎ ነበር። የስም ዓይነታቸው አነስተኛ በሆነ ማኅበረሰቦች፣ በላቲኖ፣ በእስያና በጥቁር ሕዝቦች ላይ አደጋው እንደሚበረታም ጠቅሷል። ቢሮው በግንቦት 2025 ይህን ማብራሪያ ከሌሎች በርካታ ማብራሪያዎች ጋር ሰርዞታል። ማብራሪያው ተሰረዘ እንጂ ሕጉ አልተሻረም፤ «ከፍተኛው ትክክለኛነት» የሚለው ድንጋጌ ዛሬም ፍርድ ቤት ፊት ይቆማል።

ስህተቱ አልፎ አልፎ የሚፈጠር እንዳልሆነ የመንግሥት ክሶች ይመሰክራሉ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2018 ሪልፔጅ የተባለው ድርጅት አመልካቾችን ከወንጀል መዝገብ ጋር ሲያገናኝ በላላ መስፈርት ተጠቅሟል ብሎ ከስሶት 3 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል። በ2020 መጨረሻ አፕፎሊዮ የተባለው ድርጅት 4.25 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ከቀረቡበት ነጥቦች አንዱ ከ7 ዓመት በላይ የሆናቸውን መዝገቦች በሪፖርት ማካተቱ ነው። በጥቅምት 2023 ደግሞ የትራንስዩኒየን የተከራይ ማጣሪያ ክፍል 15 ሚሊዮን ዶላር ተጠየቀ። አንድን ክስ ደጋግሞ እንደ ብዙ ክስ ያሳይ፣ ፍርድ ቤት ያሸጋቸውን መዝገቦች ያወጣ፣ መረጃውን ከማን እንደገዛም ለተከራዮች አይነግር ነበር ተብሏል። ድርጅቶቹ በስምምነት ጉዳዩን ዘግተዋል። ቅጣቱ ለዘርፉ ትምህርት ይሆናል፤ በእነዚያ ዓመታት ቤት ለተከለከለው ሰው ግን ቤቱን አይመልስለትም።

የግል ክስም ያው ችግር አለበት። ሕጉ ሆን ብሎ ለተፈጸመ ጥሰት ከ100 እስከ 1,000 ዶላር የሚደርስ ካሳ፣ በተጨማሪም የቅጣት ካሳና የጠበቃ ወጪ ይፈቅዳል፤ በቸልተኝነት ለደረሰ ጉዳት ደግሞ የደረሰውን ኪሳራ። የጠበቃውን ወጪ ተሸናፊው ድርጅት ስለሚከፍል፣ ገንዘብ የሌለው ሰውም ጠበቃ ሊያገኝ ይችላል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2021 በትራንስዩኒየን ጉዳይ የሰጠውን ውሳኔ እንመልከት። ድርጅቱ የመጀመሪያና የመጨረሻ ስምን ብቻ እያመሳሰለ ሰዎች በግምጃ ቤት የሽብርተኞችና የዕፅ ነጋዴዎች ዝርዝር ውስጥ ሊኖሩ እንደሚችሉ በፋይላቸው ላይ ይጽፍ ነበር። በጋራ ክሱ የታቀፉት 8,185 ሰዎች ነበሩ። ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ በካሳ ጥያቄው በፌዴራል ፍርድ ቤት የመቆም መብት ያላቸው የተሳሳተው ሪፖርት ለነጋዴ የተላከባቸው 1,853ቱ ብቻ ናቸው አለ። የቀሩት ስማቸው እዚያው ፋይል ውስጥ ጠቁሮ ቢቀመጥም ጉዳት አልደረሰባቸውም ተባለ። የውሳኔውን የሕግ አመክንዮ እዚህ መተቸት አያስፈልግም፤ ውጤቱ ግን ግልጽ ነው። ስህተቱ ወጥቶ ጉዳት እስኪያደርስ ድረስ የፌዴራል ፍርድ ቤት የካሳ በር አይከፈትም። ስለዚህ ከጉዳቱ በፊት የሚሠራ መከላከያ ካስፈለገ በሕግ ተጽፎ መምጣት አለበት።

ያ መከላከያ ደግሞ ለሥራ አመልካቾች ተጽፏል። ኮንግረስ በ1996 ሕጉን ሲያሻሽል፣ አሠሪ በሪፖርት ላይ ተመሥርቶ አንድን ሰው ከመከልከሉ ወይም ከማባረሩ በፊት የሪፖርቱን ቅጂና የመብቶቹን መግለጫ እንዲሰጠው አዘዘ። አሠሪዎች በተለምዶ አምስት የሥራ ቀን ያህል ጠብቀው ነው የመጨረሻውን ውሳኔ የሚያሳውቁት። ሰውየው በዚያ ጊዜ ውስጥ «ይህ እኔ አይደለሁም» ብሎ ማስረጃ ለማቅረብ ዕድል አለው። አከራይ ላይ ግን ይህ ግዴታ የለም። አከራዩ ያለበት ከወሰነ በኋላ ማሳወቅ ነው፦ ሪፖርቱን የሰጠውን ድርጅት ስም፣ አድራሻና ስልክ፣ ውሳኔውን የወሰነው ድርጅቱ አለመሆኑን፣ አመልካቹ በ60 ቀን ውስጥ ነጻ ቅጂ መጠየቅና መረጃውን መቃወም እንደሚችል። የክሬዲት ስኮር ከተጠቀመ ስኮሩንም ይነግረዋል። ማስታወቂያው መከልከልን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ በሪፖርቱ ምክንያት ከሌላው ተከራይ የበለጠ ዲፖዚት፣ ከፍ ያለ ኪራይ ወይም ዋስ የሚሆን ኮሳይነር ከተጠየቀ እርሱም አሉታዊ ውሳኔ ነው፤ ማሳወቅ ግዴታ ነው። አንድ ሰው የሥራ ዕድሉ በሌላ ሰው መዝገብ እንዳይበላሽ አስቀድሞ ቅጂ ይሰጠው ያለ ሕግ፣ የሚያድርበትን ቤት በተመለከተ ከተከለከለ በኋላ ደብዳቤ ይበቃዋል ማለቱ በምን ምክንያት እንደሚጸና አይታየኝም። ለቤትም ያው ደንብ ይገባል ብዬ እከራከራለሁ።

አከራዮች የሚያነሡት ተቃውሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። አከራይ ሲባል ሁሉም ሺህ ክፍል ያለው ኩባንያ አይደለም። ቤዝመንቱን አከራይቶ ሞርጌጁን የሚከፍል፣ ከእኛው ወገንም የሆነ ብዙ ሰው አለ፤ ቤቱ ባዶ በዋለ ቁጥር ከኪሱ ይወጣል። መጥፎ ተከራይ ገብቶ ለማስወጣት ወራት ቢፈጅ ኪሳራው እርሱን ሊያንገዳግደው ይችላል። አምስት የሥራ ቀን ለቤት ይበዛል የሚለውንም እቀበላለሁ። ነገር ግን ሪፖርቱ ዛሬ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው የሚመጣው፤ አከራዩ ባየበት ደቂቃ ለአመልካቹም መላክ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ከዚያ አመልካቹ መዝገቡ የእርሱ እንዳልሆነ ወይም እንደተዘጋ ከተናገረ ሁለት የሥራ ቀን ይጠበቅ። 2,400 ዶላር በሚከራይ ቤት ሁለት ቀን ማለት 160 ዶላር ነው፤ ያውም ክርክር በተነሣባቸው ማመልከቻዎች ላይ ብቻ። በሌላ በኩል በስህተት የተመለሰው ሰው ኪራይ የሚከፍል ደህና ተከራይ ነበርና፣ የተሳሳተ ሪፖርት አከራዩንም ይጎዳዋል፤ ለዚያውም ገንዘብ ተከፍሎበት። ትንሹ አከራይ ሪፖርት ሳይገዛ የቀድሞውን አከራይ ራሱ ደውሎ ቢጠይቅም፣ ያ በዚህ ሕግ አነጋገር የሸማች ሪፖርት ስላልሆነ ግዴታው አይነካውም።

ሌላው ተቃውሞ «ሰው ራሱ አስቀድሞ ፋይሉን ለምን አያይም?» የሚል ነው። የሦስቱን ድርጅቶች ሪፖርት በተመለከተ ምክሩ ትክክል ነው፤ በ2003 በወጣ ሕግ በየዓመቱ ነጻ ቅጂ የማግኘት መብት ተሰጠ፣ አሁን ደግሞ በየሳምንቱ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል። የማጣሪያ ድርጅቶችን በተመለከተ ግን ምክሩ አይሠራም። ብዛታቸው ቀላል አይደለም፤ አከራዩ የትኛውን እንደሚጠቀም አመልካቹ አያውቅም። ከሁሉም በላይ ብዙዎቹ ቋሚ ፋይል የላቸውም፤ ሪፖርቱ የሚጠናቀረው አከራዩ ሲያዝዝ ነው። ትናንት «ምንም መረጃ የለንም» ያለ ድርጅት ነገ የሌላ ሰው ክስ ለጥፎ ሊልክ ይችላል። ገና ያልተጻፈ ነገር አስቀድሞ ማረም አይቻልም። ለዚህ የተሻለው መልስ ተከራዩ አንድ ጊዜ ከፍሎ፣ መጀመሪያ ራሱ አይቶ፣ ለብዙ አከራዮች የሚያሳየው ተዘዋዋሪ ሪፖርት ነው። ኮሎራዶ በ2023 ባወጣችው ሕግ አከራዮች በአብዛኛው ይህን እንዲቀበሉ አስገድዳለች። ዋሽንግተን ስቴት ግን አከራዩ ይቀበል ወይም አይቀበል እንዲያሳውቅ ብቻ ነው የጠየቀችው፤ አከራዮቹ ካልተቀበሉት፣ ሲያትል የሚኖር አመልካች በየማመልከቻው እንደገና መክፈሉ አይቀርለትም። ቢያንስ እዚያ ሕጉ አከራዩ ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት ምን ዓይነት መረጃ እንደሚመለከትና በምን መስፈርት እንደሚከለክል በጽሑፍ እንዲናገር፣ ከእውነተኛው የማጣሪያ ወጪ በላይም እንዳያስከፍል ያዛል።

መዝገብ ማሸግ እውነትን መደበቅ ነው የሚሉም አሉ። እዚህ ላይ ልዩነት ማድረግ ይገባል። በተከራዩ ላይ ፍርድ ያልተሰጠበት ክስ ስለ ተከራዩ የሚናገረው እውነት የለም፤ አንድ ሰው ከስሶት ነበር ማለት ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ያለ ማመልከቻ በራሱ መታሸግ አለበት፤ የዲሲ ሕግ ክሱ ለአከራዩ ፍርድ ሳይሰጥ ካለቀ በ30 ቀን ውስጥ እንዲታሸግ ያዛል፤ ካሊፎርኒያም አከራዩ በ60 ቀን ውስጥ ካልረታ መዝገቡን ለሕዝብ አትከፍትም። ፍርድ ያረፈበት፣ የብዙ ወራት ኪራይ ዕዳ ያለበት ጉዳይ ግን ሌላ ነው። አዲሱ አከራይ ያን ለተወሰነ ጊዜ የማወቅ ጥቅም አለው ብዬ አምናለሁ፤ ዲሲ የወሰነችው 3 ዓመት ከፌዴራሉ 7 ዓመት ይልቅ ለሁለቱም ወገን የሚስማማ ይመስለኛል። ሰው ሥራ አጥቶ ወድቆ ለመነሣት ሦስት ዓመት በቂ ጊዜ ነው። ኒው ዮርክ በ2019 ከዚህም አልፋ አከራይ ባለፈ የኪራይ ክስ ምክንያት እንዳይከለክል ደነገገች፤ የማጣሪያውን ክፍያ ቢበዛ በ20 ዶላር ገድባ አከራዩ የሪፖርቱን ቅጂ ለአመልካቹ እንዲሰጥም አዝዛለች። ቅጂ መስጠት አከራይን አይጎዳም ለሚለው ክርክር ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ኒው ዮርክ ውስጥ ቤት መከራየት አልቀረም።

ቅጂው ነጥብ ብቻ ከሆነስ? ይህ ጥያቄ ወደፊት የሚከብድ ነው። ሴፍሬንት የተባለው ድርጅት የሚሰጠው ነጥብ በጥቁርና በላቲኖ የቤት ድጎማ ተጠቃሚዎች ላይ አድልዎ ያስከትላል ተብሎ በማሳቹሴትስ ተከሶ፣ በ2024 ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት 2.275 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ለድጎማ ተጠቃሚዎች ያን ነጥብ ለአምስት ዓመት፣ ከአድልዎ ነጻነቱ ካልተረጋገጠ በቀር፣ ላለመስጠትም ተስማምቷል። የክሬዲት ነጥብ የኪራይ አከፋፈልን ብዙ ጊዜ አያይም፤ በየወሩ በጊዜው የተከፈለ ኪራይ በአብዛኛው አይመዘገብም፣ ያልተከፈለው ግን በኮሌክሽን በኩል ይመዘገባል። አዲስ የገባ ሰው ደግሞ አገር ቤት ባንክ የነበረው ታሪክ አብሮት አይሻገርም፤ ስለዚህ ታማኝ ከፋይ ሆኖ ሳለ ኮምፒውተሩ ፊት ባዶ ነው። ካሊፎርኒያ ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ትልልቅ አከራዮች ተከራዩ ከፈለገ የከፈለውን ኪራይ ለክሬዲት ድርጅት እንዲያስመዘግቡለት ማስገደዷ የሚደገፍ ነው። ነጥብ የሚጠቀም አከራይ የነጥቡን መሠረት የሆኑ መዝገቦችን አብሮ ማሳየት አለበት፤ አለዚያ ተከራዩ የሚቃወመው ነገር አይኖረውም።

ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ ያለውን መብት በሙሉ መጠቀም ግድ ነው። የማመልከቻ ክፍያ ከመክፈል በፊት የትኛው የማጣሪያ ድርጅት ሥራ ላይ እንደሚውል በኢሜይል መጠየቅ ይቻላል፤ ሜሪላንድ ውስጥ አምስትና ከዚያ በላይ ቤት በአንድ ቦታ ያለው አከራይ ከ25 ዶላር በላይ ካስከፈለ፣ ለክሬዲት ማጣሪያ ወይም ለሌላ የማመልከቻው ወጪ ያላዋለውን መመለስ አለበት። ከተከለከሉ ማስታወቂያውን በጽሑፍ መጠየቅ፣ በ60 ቀን ውስጥም ከድርጅቱ ሙሉ ፋይሉን፣ መረጃው የመጣበትን ምንጭ ጨምሮ፣ በነጻ ማስላክ። ተቃውሞው በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን፤ «ስህተት ነው» ማለት ብቻ ስለማይበቃ የመዝገቡን ቁጥር፣ ክሱ በተከፈተበት ጊዜ ይኖሩበት የነበረውን አድራሻ፣ እስከ አያት ያለውን ሙሉ ስምና የፍርድ ቤቱን የመዝጊያ ትእዛዝ ቅጂ ማያያዝ ይገባል። ድርጅቱ በ30 ቀን ውስጥ፣ ተጨማሪ ማስረጃ በመካከል ከገባ በ45 ቀን ውስጥ፣ መመለስ አለበት፤ ማረጋገጥ ያልቻለውንም ማውጣት ግዴታው ነው። ካልሆነ ጥሰቱ በታወቀ በሁለት ዓመት ውስጥ ክስ ማቅረብ ይቻላል። ብዙ ሰው የማያውቀው የመጨረሻው መብት ደግሞ ይህ ነው፦ መረጃው ከተሰረዘ በኋላ፣ ተከራዩ ከጠየቀ፣ ድርጅቱ ባለፉት 6 ወራት ሪፖርቱን ለወሰዱ ሁሉ መሰረዙን ማሳወቅ አለበት። ስማቸውን ጠቅሶ መጠየቅ ያስፈልጋል። ያ ቤት ቢያልፍም፣ ብዙ ሕንጻ የሚያስተዳድር ኩባንያ በሚቀጥለው ወር በሌላ መንገድ ላይ የሚለቀቅ ክፍል ይኖረዋል፤ ያኔ እጁ ላይ ያለው የታረመው ሪፖርት መሆን አለበት።